ማይላችሁን የት ታጠራቅማላችሁ? ከአዲስ አበባ ለሥራ ለሚበር ሰው የአየር መንገዶች የማይል ፕሮግራም ንጽጽር

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ ከአንድ የመርካቶ አስመጪ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ጓንዡና ዱባይ መመላለስ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ ጉዞ ስናወራ የኪስ ቦርሳቸውን አወጡና ሦስት የማይል ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ ማይል ማለት አየር መንገዶች ለደንበኛ በበረራው ልክ የሚሰጡት ነጥብ ነው። አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ ነው። ሌላው የኤምሬትስ ስካይዋርድስ። ሦስተኛው የተርኪሽ ማይልስ ኤንድ ስማይልስ።

"እስቲ ልጄ፣ ይቺን ነገር እይልኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ተመላልሼ አንድ ነጻ ትኬት አይወጣልኝም?"

ሦስቱንም አካውንት በስልካቸው አንድ በአንድ ከፈትን። የመጀመሪያው ላይ 11,000 ማይል ገደማ አለ። ሁለተኛው ላይ 8,000። ሦስተኛው ባዶ ነው። የነበረው ማይል ጊዜው አልፎ እንደ ኢንተርኔት ጥቅል ተቃጥሏል። ቁጥራቸውን ሳይሰጡ የበረሩት ደግሞ ስንት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። እሱ የትም አልተመዘገበም።

በጣም ቆጨኝ። እኔም የግዢ ሠራተኛ ነኝ፤ ቢሮዬ ለገሃር ነው። ለሥራ መብረር ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ልክ እንደ ጋሼ በየካርዱ ስበትን ነው የኖርኩት። በሦስት የተከፈለ ማይል ለማንም አይሆንም። አንድ ቦታ የገባ ማይል ግን ሥራ ይሠራል። የት መግባት እንዳለበት የሚወስኑት ደግሞ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የምትበሩበት መስመር፣ የትኬታችሁ ዓይነትና ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው። እነዚህን ሳያዩ "የትኛው ይሻላል?" ብሎ መጠየቅ የጫማ ቁጥር ሳይናገሩ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ማይል ሁለት ዓይነት ነው

ማይል ሲባል ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል። ሁለት ነው። አንደኛው የሽልማት ማይል ነው። እንደ ገንዘብ ይወጣል፤ ትኬት ይቆረጥበታል፣ ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ ክላስ አፕግሬድ ይደረግበታል። ሁለተኛው የደረጃ ማይል ነው። ይሄኛው አይወጣም። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደበረራችሁ ብቻ ይቆጥራል። ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚያሰኛችሁ እሱ ነው። ከሆቴል ወይም ከመኪና ኪራይ የሚመጣ ማይል ብዙውን ጊዜ ሽልማቱ ላይ ይጨመራል እንጂ ደረጃው ላይ አይቆጠርም።

በዓመት አንዴ ዘመድ ለመጠየቅ የሚበር ሰው የሽልማቱን ቢያይ ልክ ነው። ለሥራ የሚበር ሰው ግን ዓይኑን ደረጃው ላይ ይጣል እላለሁ። ትኬቱን ብዙ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚከፍለው። ሰውየውን የሚያደክመው ሰልፉ፣ ሻንጣውና የትራንዚት ጥበቃው ነው። ደረጃ የሚያቀለው እነዚህን ነው።

ቦሌን ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ አስቡት። ወደ አውሮፓና ወደ እስያ የሚሄዱት በረራዎች ይደራረባሉ። የኢኮኖሚው ሰልፍ በገመድ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ሻንጣውን ፍራሽ በሚያህል ፕላስቲክ ያስጠቀለለ አለ፤ ሚዛን ላይ ኪሎ በዝቶበት መሬት ላይ ከፍቶ በርበሬና ሽሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውር አለ። ከጎን ያለው የጎልድ መስመር ላይ ግን ሦስት ሰው ነው ያለው። መጀመሪያ በዚያ መስመር ያለፍኩ ቀን ከመኪና ከወረድኩ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ላውንጅ ውስጥ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ነበረኝ። ያንን ሃያ ደቂቃ በገንዘብ ተምኑልኝ ብትሉኝ አልችልም፤ ግን ከነጻ ትኬት አላሳንሰውም።

የስታር አሊያንስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያለበት የአየር መንገዶች ኅብረት፣ ጎልድ ደረጃ የሚሰጠውን በዝርዝር ላስቀምጥ፤ እኛን በጣም የሚነካን እሱ ነውና። ለብቻ የሆነ የቼክ-ኢን መስመር አለ። ኢኮኖሚ ብትቆርጡም ላውንጅ ትገባላችሁ፣ አንድ እንግዳም ይዛችሁ። አውሮፕላን ላይ ቀድማችሁ ትሳፈራላችሁ። ሻንጣችሁ ቀድሞ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትርፍ ሻንጣ አለ። በክብደት በሚመዘንበት መስመር 20 ኪሎ ይጨመራል፤ በሻንጣ ቁጥር በሚሄድበት መስመር ደግሞ አንድ ሻንጣ።

ይሄን የመጨረሻውን ስነግራቸው ጋሼ ማኪያቷቸውን አስቀመጡ። ከጓንዡ ሲመለሱ ናሙና ይዘው ነው የሚመጡት። ለትርፍ ሻንጣ በየጉዞው ምን ያህል እንደሚከፍሉ ያውቁታል። በዓመት አራት ጊዜ የሚመላለስ ነጋዴ አራት ሻንጣ በነጻ ይዞ ቢገባ ከነጻ ትኬቱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

አንድ ማይል ስንት ብር ነው?

የሽልማት ማይልም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ግን አስሉት። ስሌቱ ቀላል ነው። ትኬቱ በገንዘብ ስንት እንደሆነ እዩ። በማይል ስትቆርጡ የምትከፍሉትን ቀረጥና ተጨማሪ ክፍያ ቀንሱ። የቀረውን ለሚጠየቀው ማይል አካፍሉት።

ለምሳሌ እንበል። አንድ ትኬት በገንዘብ 90,000 ብር ነው። በማይል ሲቆረጥ 30,000 ማይልና 25,000 ብር ቀረጥ ይጠይቃል። 90,000 ሲቀነስ 25,000፣ ይቀራል 65,000። ለ30,000 ሲካፈል አንድ ማይል ከ2 ብር ትንሽ በለጠ ማለት ነው። እዚያው መስመር ላይ ቢዝነስ ክላስ ስታሰሉት ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ከዚህ ያድጋል፤ በገንዘብ ያለው ዋጋ ሲተኮስ የማይሉ ጥያቄ በዚያው ልክ ስለማይዘል። ለዚህ ነው ማይልን ለአጭርና ለርካሽ መስመር ማውጣት የማልወደው።

ቀረጡን አትናቁት። "ነጻ ትኬት" የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። የኤርፖርት ቀረጥ አለ። አንዳንዱ አየር መንገድ ደግሞ ራሱ የሚጥለው ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ይሄኛው ነው የሚያቃጥለው። አንዴ ከአውሮፓ ለመመለስ በማይል ትኬት ልቆርጥ ብዬ፣ የተጠየቅኩት ክፍያ የርካሹን ትኬት ግማሽ ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። ተውኩት። ማይሉንም ቆጠብኩ።

የእኛ አገር አንድ ነገር ደግሞ አለ። ትኬት በዶላር ተሰልቶ በብር ነው የሚከፈለው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የትኬት ዋጋ በብር ሲታይ ብዙ ጨምሯል። ማይላችሁ ግን ማይል ነው፤ ብር ሲወርድ አብሮ አይወርድም። ያኔ 30,000 ማይል የነበረው ሰው ዛሬ በብር ሲያሰላው የበለጠ ይዞ ነው ያለው።

ግን ይሄ ማለት አከማቹት ማለት አይደለም። አየር መንገዶች የሽልማት ትኬት የሚጠይቀውን ማይል ሲፈልጉ ያሳድጋሉ። ተርኪሽ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. እንደዚያ አድርጓል። ለዓመታት ያጠራቀሙ ሰዎች በአንድ ቀን የያዙት ማይል አነሰባቸው። የጊዜ ገደቡም አለ። ስካይዋርድስ ማይሉ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በልደታችሁ ወር መጨረሻ ላይ ያልፋል። የኳታር አየር መንገድ የሽልማት ማይል፣ አቪዮስ የሚባለው፣ ይለያል፦ በ36 ወር ውስጥ አንዴ እንኳ ከሰበሰባችሁ ወይም ካወጣችሁ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አልፎ አልፎ ለሚበር ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

የምትበሩበትና የምታጠራቅሙበት የግድ አንድ አይደለም

ይሄን ያወቅኩት በአራተኛው ዓመቴ ነው፤ ቶሎ ባውቀው ኖሮ እላለሁ።

አየር መንገዶች በሦስት ትልልቅ ኅብረቶች ተሰባስበዋል፦ ስታር አሊያንስ፣ ዋንወርልድና ስካይቲም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አሊያንስን የተቀላቀለው በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ነው። ተርኪሽ፣ ሉፍታንዛና ኢጅፕትኤርም እዚያው ናቸው፤ ሁሉም ቦሌ ያርፋሉ። ኳታር ዋንወርልድ ነው። ኬንያ ኤርዌይስና ሳውዲያ ስካይቲም ናቸው። ኤምሬትስ የትኛውም ኅብረት ውስጥ የለም።

በአንድ ኅብረት ውስጥ ካላችሁ በአንዱ በርራችሁ ማይሉን ሌላው ላይ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ በርራችሁ ተርኪሽ ላይ፣ በሉፍታንዛ በርራችሁ ሼባ ማይልስ ላይ። ደረጃውም በኅብረቱ ሁሉ ይሠራል። የሼባ ማይልስ ጎልድ ይዛችሁ ፍራንክፈርት የሉፍታንዛ በረራ ስትጠብቁ ላውንጅ ትገባላችሁ።

አሜሪካ ለሚመላለሱ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ዋሽንግተን ደለስ አርፋችሁ በዩናይትድ ወደ ሌላ ከተማ ስትቀጥሉ፣ ጎልዳችሁ የሼባ ማይልስ ወይም የተርኪሽ ከሆነ የዩናይትድ ላውንጅ ይከፈትላችኋል። የዩናይትድ የራሱ ጎልድ ደንበኛ ግን በአገር ውስጥ በረራ ላይ በዚያ ደረጃ ብቻ አይገባም። ከአዲስ አበባ አሥራ ምናምን ሰዓት በርሮ ለመጣ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዱባይ ጋር ያለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ስካይዋርድስ ጎልድ ሆናችሁ በኢትዮጵያ ስትበሩ ተራ ተሳፋሪ ናችሁ። ጥቅሙ በዋናነት በኤምሬትስና በፍላይ ዱባይ ላይ ነው።

አምስቱ ፕሮግራሞች ከእኛ አገር ሲታዩ

ሼባ ማይልስ ከብሉ ይጀምራል። ሲልቨር ለመሆን በዓመት 25,000፣ ጎልድ ለመሆን 50,000 የደረጃ ማይል ይጠይቃል። ማይሉ ባይሞላም በበረራ ብዛት የሚደረስበት መንገድ አለው። ይሄ አማራጭ አጭር መስመር ለሚበሩ ሰዎች ሕይወት አድን ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ። ትልቁ ጥቅሙ ቅርበቱ ነው። ችግር ቢመጣ ቸርችል ጎዳና ያለው ትኬት ቢሮ ሄዳችሁ በአማርኛ ታወራላችሁ። ከቦሌ የሚነሳው አብዛኛው በረራ የእሱ ነው። በማይላችሁ ወደ ክላውድ ናይን፣ ማለትም ወደ ቢዝነስ ክላሱ፣ ለመውጣት ስትፈልጉ ደግሞ የራሱን ፕሮግራም የያዘ ሰው ይቀለዋል። በሌላ አየር መንገድ ማይል አፕግሬድ መጠየቅ አድካሚ ነው።

ማይልስ ኤንድ ስማይልስ የሚማርከው በሁለት ነገር ነው። የስታር አሊያንስ ጎልድ የሆነው ኤሊት ደረጃው በ12 ወር ውስጥ 40,000 የደረጃ ማይል ነው የሚጠይቀው። አንዴ ከያዛችሁት ሁለት ዓመት ይቆያል። ከሼባ ማይልስ 10,000 ያነሰ ነው፤ ጊዜውም በፈለጋችሁት ወር ተጀምሮ ይቆጠራል። አንድ ዓመት ብዙ ጉዞ፣ ቀጣዩ ዓመት ጥቂት ለሆነበት አማካሪ ወይም የፕሮጀክት ሠራተኛ ይሄ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን በኢትዮጵያ ርካሽ ትኬት ስትበሩ ተርኪሽ ላይ ከርቀቱ ስንት በመቶ እንደሚመዘገብ ሠንጠረዡን እዩ። ሁለቱ አየር መንገዶች ለአንድ የትኬት ዓይነት የሚሰጡት እኩል አይደለም።

ስካይዋርድስ ለዱባይ ሰው ነው። ሲልቨር 25,000፣ ጎልድ 50,000፣ ፕላቲነም 150,000 ይጠይቃል፤ ለሲልቨር 25፣ ለጎልድ 50 በረራም ይቆጠራል። የምታገኙት ማይል በመስመሩና በትኬቱ ዓይነት ነው የሚወሰነው፤ ርካሹ ጥቂት ነው የሚሰጠው። የምወድለት ነገር የቤተሰብ አካውንቱ ነው። እስከ ስምንት ሰው ማይሉን አንድ ቋት ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ባል፣ ሚስት፣ ወንድም እየተፈራረቁ ዕቃ የሚያመጡ ቤተሰቦች መርካቶ ውስጥ ስንት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ለእነሱ ይሄ ብቻውን ሊያስመርጥ ይችላል።

የኳታር ፕሪቪሌጅ ክለብ ደረጃን በማይል ሳይሆን ኪውፖይንት በሚባል ነጥብ ይቆጥራል፤ ለሲልቨር 150፣ ለጎልድ 300። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሽልማት ገንዘቡ አቪዮስ ነው። አቪዮስ ከብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ ከአይቤሪያና ከፊንኤር አካውንት ጋር ወዲያና ወዲህ ይዛወራል። ግን ከዋንወርልድ አባላት ከቦሌ የሚያገለግለን በዋናነት ኳታር ነው። መሥሪያ ቤታችሁ በዶሃ በኩል ብቻ የሚልካችሁ ካልሆነ እንደ ዋና ፕሮግራም አልመክረውም። ለሁለተኛነት ግን ጥሩ ነው፤ አቪዮሱ ቶሎ አይቃጠልም።

ሉፍታንዛ ማይልስ ኤንድ ሞር የሽልማት ማይሉን ለራሱ በረራ የሚሰጠው በከፈላችሁት ገንዘብ ልክ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውድ ትኬት ለሚቆርጥለት ሰው ይጠቅማል፤ ለእኔ ቢጤው አይደለም።

መስመራችሁን ቁጠሩት

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ያለፈው ዓመት ጉዟችሁን ጻፉ። ከአዲስ አበባ የአንድ ጉዞ ርቀት በማይል እንዲህ ነው፦ ናይሮቢ 720 ገደማ፣ ዱባይ 1,560፣ ኢስታንቡል 2,300፣ ጆሃንስበርግ 2,500፣ ፍራንክፈርት 3,300፣ ጓንዡ 5,000።

የጋሼን እንውሰድ። ጓንዡ ደርሶ መልስ 10,000 ማይል ነው። በዓመት አራት ጊዜ፣ 40,000። ለተርኪሹ ኤሊት ልክ የሞላ ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ትኬታችሁ ላይ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ አንዲት የላቲን ፊደል አለች። ዋይ ከሆነች ብዙ ጊዜ ሙሉ ዋጋ ኢኮኖሚ ነው፤ መቶ በመቶ ይመዘገባል። ሲ ወይም ጄ ከሆነች ቢዝነስ ናት፤ ከመቶ በላይ ልትሰጥ ትችላለች። ርካሹ ፊደል ግን የርቀቱን ግማሽ፣ አንዳንዴም ሩብ ብቻ ነው የሚሰጠው። ጋሼ ሁሌም ርካሹን ነው የሚቆርጡት። በግማሽ ቢሰላ አራቱ ጉዞ 20,000 ይሆናል። ሲልቨር እንኳ አልሞላም።

ታዲያ ምን ይሻላቸዋል? ትኬት ቆራጩን "ቀጥሎ ያለው ፊደል ስንት ይጨምራል?" ብለው ይጠይቁ። አንዳንዴ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ማይሉ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ቀን ለመቀየር የሚያስከፍለው ቅጣትም ይቀንሳል። ለነጋዴ ደግሞ ቀን መቀየር የተለመደ ነው፤ ፋብሪካው ዕቃውን ካላደረሰ ምን ይደረጋል? ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ርካሹን ይቁረጡ። ለማይል ተብሎ ከኪስ ውድ ትኬት መግዛት ኪሳራ ነው።

የናይሮቢውን እንይ። ሜክሲኮ አካባቢ ባሉት ድርጅቶች የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ወር በወር ናይሮቢ ናቸው። ደርሶ መልሱ 1,450 ማይል እንኳ አይሞላም። አሥራ ሁለት ጊዜ ቢመላለሱ፣ ያውም መቶ በመቶ ቢመዘገብላቸው፣ 17,000 ነው የሚያልፈው። በማይል ከሄዱ የትም አይደርሱም። ግን ሃያ አራት ጊዜ አውሮፕላን ላይ ወጥተዋል። የበረራ ብዛት የሚቆጥር ፕሮግራም ነው የሚያዋጣቸው። ስለዚህ እነዚህን ልጆች ያለ ምንም ማመንታት ሼባ ማይልስ እላቸዋለሁ። ባሕር ዳርና መቀሌ ለሥራ የሚሄድ ሰውም ሒሳቡ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ጆሃንስበርግ ወይም አውሮፓ የሚመላለስ ሰው መሃል ላይ ነው። ጆሃንስበርግ አሥር ደርሶ መልስ በሙሉ ፊደል 50,000 ይሞላል። ፍራንክፈርት ስድስት ደርሶ መልስ 39,600 ገደማ ነው። ተርኪሽ ላይ ለጎልድ አንዲት አጭር በረራ ይቀራል፤ ሼባ ማይልስ ላይ ግን ሁለት ተጨማሪ ጉዞ። ቁጥሩ እንዲህ አፍጥጦ ሲወጣ ምርጫው ራሱ ይነግራችኋል።

ዱባይን በተመለከተ፣ በዓመት ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ ለሚሄድና ሌላ ቦታ ለማይሄድ ሰው ስካይዋርድስ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ በኢትዮጵያ በርሮ ስታር አሊያንስ ውስጥ ማስገባቱን እመርጣለሁ። ዱባይ ላይ ያለው ደረጃ ጓንዡ ላይ አብሯችሁ አይሄድም።

ከፋዩ ማን ነው?

ማይሉ የሚመዘገበው በተሳፋሪው ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ ከፍሎም ቢሆን። ግን ድርጅታችሁ በመመሪያው ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ በሥራ ጉዞ የተገኘ ማይል ለሥራ ጉዞ ይዋል ይላል። እኔ ገና ስቀጠር ነበር የጠየቅኩት፣ በጽሑፍ። ደግሞ በድርጅት ገንዘብ ለማይል ብሎ ውዱን ትኬት ማስቆረጥ ነውር ነው። ይሄን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ሲደረግ አይቻለሁና።

የራሳችሁ ድርጅት ካላችሁ ሌላም በር አለ። ኤምሬትስ ቢዝነስ ሪዋርድስ፣ ኳታር ቢዮንድ ቢዝነስ፣ ተርኪሽ ኮርፖሬት ክለብ የሚባሉ የድርጅት ፕሮግራሞች አሏቸው። እናንተ በስማችሁ ማይል ስታገኙ ድርጅቱም ጎን ለጎን የራሱን ጥቅም ያገኛል። ሦስትና አራት ሠራተኛ የሚልክ ትንሽ ድርጅት ይሄን ሳይመዘገብ መቅረት የለበትም።

ስማችሁን አስተካክሉ

ከዚህ ሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ግን አንድ ነገር አለ። እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የሚብስ ነገር ነው።

አንዱ አየር መንገድ ላይ አካውንት ስከፍት ስሜንና የአባቴን ስም ነው ያስገባሁት። ፓስፖርቴ ላይ ግን የአያቴ ስምም አለ። ትኬት ቆራጩ እንደ ፓስፖርቱ የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ቆረጠው። በዚያ ላይ የአባቴ ስም አንዱ ጋ በሁለት ኤስ፣ ሌላው ጋ በአንድ ኤስ ነው የተጻፈው። ሁለት ረጃጅም በረራ አልተመዘገበልኝም። ኢሜይል ላክሁ፤ "ስሙ አይመሳሰልም" አሉኝ። የፓስፖርት ኮፒ ላክሁ፤ መልስ የለም። እንደገና ላክሁ። መልሱ ሲመጣ ቦርዲንግ ፓሱን ጠየቁኝ። ጥዬዋለሁ። እስክንነጋገር የመጠየቂያው ጊዜ አለፈ። ወደ 13,000 ማይል እንደዚያ ቀረ።

ስለዚህ አካውንታችሁን አሁን ክፈቱና ስማችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የስም እርማት ብዙ ጊዜ ሰነድ ስለሚጠይቅ በረራ ሳይደርስባችሁ ጨርሱት። ቁጥሩን ትኬት ስትቆርጡ ስጡ፤ ረስታችሁት ከሆነ ቼክ-ኢን ላይ አስገቡት። ቦርዲንግ ፓሱን ማይሉ እስኪገባ አትጣሉ፤ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። ሳይገባ ከቀረ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች እስከ ስድስት ወር ድረስ ወደኋላ ጠይቃችሁ ማስመዝገብ ይፈቅዳሉ።

ጋሼና እኔ ማኪያቶውን ከፍለን በእግር ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድን። ሼባ ማይልሱን ነው የመረጡት። ተርኪሹን በቁጥር ሲያዩት ጓጉተው ነበር፤ "እኔ ግን በኢንተርኔት የማውቀው የለኝም፣ ሰው ፊት ቆሜ ነው የምጨቃጨቀው" አሉ። ለእሳቸው ልክ ነው። ከእንግዲህ በኤምሬትስ ሲበሩ የሚያገኙትን ማይል ደግሞ በልጃቸው የቤተሰብ ቋት ውስጥ ለማስገባት ተስማሙ። ትኬት ቢሮው ውስጥ ተራ ጠበቅን። ልጅቷ ፓስፖርታቸውን ተቀብላ አካውንታቸውን ከፈተች። "አባባ፣ እዚህ ላይ የአያትዎ ስም የለም እኮ" አለቻቸው። ቅጽ ሰጠቻቸው፤ ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ፓስፖርቱን አጠገቡ ዘረጉና አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመሩ።